የቬርሊን ሻሽ

ሁለታችንም ፀጉራችንን በሪላክሰር ነው የምናለሰልሰው። የእኔ በፒያስትራ ተቃጥሎ እንደ ገለባ ይሰባበራል፤ የታናሽ እህቴ የቬርሊን ግን ትከሻዋ ላይ ይተኛል። ሳምንቱን ሙሉ ሜምፊስ ውስጥ አውቶቡስ ትነዳለች። ቅዳሜ ፀጉሯን ታጥባ፣ ዘይት ቀብታ በቢጎዲን ትጠቀልለዋለች፤ በራሱ ይደርቃል። እሑድ ቤተክርስቲያን ስትገባ መዘምራኑ ሳይቀሩ ያዩዋታል። እኔ አንጀቴ ያርራል።

«ምን እየደበቅሽኝ ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ምን እደብቅሻለሁ? አንቺ እኮ በጥጥ ሻሽ ነው የምትተኚው። የቀባሽውን ዘይት ሁሉ እሱ ይጠጣልሻል» ብላ የራሷን የሳቲን ሻሽ ሰጠችኝ።

ፒያስትራውን ጣልኩ፤ በሻሿ ተኛሁ። ከወራት በኋላ ፀጉሬ አማረ። እሑድ ደረቴን ነፍቼ ስገባ የፓስተሩ ሚስት ከኋላዬ መጥታ አቀፈችኝ።

«እህት ቬርሊን፣ ዛሬማ ፀጉርሽ ጉድ ነው» አለችኝ።