ለስንዱ የላኩላት ጽሑፍ

ከአገር የወጣሁ ማታ ሻንጣዬን የዘጋችልኝ ስንዱ ናት። ሞልቶ አልዘጋ ሲል ላዩ ላይ ቁጭ አለችበትና እኔ ዚፑን ስጎትት «በርበሬውን ቀንሺ አልኩሽ፣ እዚያም እኮ ሰው ይበላል» እያለች ትስቅብኛለች። እናቴ ሳሎን ከዘመድ ጋር ታለቅሳለች፣ እኛ ጓዳ ውስጥ እንስቃለን። ሎንዶን ያለች የአክስቴ ልጅ ልታገባ ነው ተብሎ የሠርግ ጥሪ ተልኮልኝ ነው ቪዛው የተመታልኝ። ይመለሳሉ ከሚባሉት አልነበርኩም፤ እኔም አውቀዋለሁ፣ እናቴም ታውቀዋለች። ግን ሁላችንም «ሠርጉ እንዳለቀ» እያልን ነበር የምናወራው።

ስንዱ የዩኒቨርሲቲ የዶርም ጓደኛዬ ናት። ሁለታችንም ኬሚስትሪ ነበርን፤ እሷ ጎበዝ፣ እኔ ደግሞ ከጎበዝ አጠገብ የምቀመጥ። ከምርጫው በኋላ ግቢያችን የተበጠበጠ ጊዜ፣ ፖሊሶች ገብተው ተማሪ ያፈሱ ዕለት፣ እኔ ዶርም አልነበርኩም። ቦሌ አክስቴ ቤት ልብሴን ላጥብና ጥሩ ምሳ ልበላ ሄጄ ነበር። ስንዱን ወሰዷት። ከከተማ ርቆ ካለ ካምፕ ከአርባ ምናምን ቀን በኋላ ስትመለስ ፀጉሯ ተላጭቶ፣ እግሯ ላይ የሌላ ሰው ጫማ ነበር። ከዚያ በኋላ እኔም ስሜ ዝርዝር ላይ አለ የሚል ወሬ ሰማሁና ግቢ መግባት ፈራሁ። የእኔ ታሪክ ይኸው ነው፣ ከዚህ የሚያልፍ የለውም።

ስለ ካምፑ አንድም ቀን አንስታልኝ አታውቅም ነበር። ያን ማታ ግን፣ ልሄድባት ስለሆነ ይመስለኛል፣ ሻንጣው ላይ እንደተቀመጠች ነገረችኝ። ሴቶቹ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበሩ። ፈተና አለፈን ብለው የሚያለቅሱ ልጆች ስለነበሩ ስንዱ ከምሳው ንፍሮ ባቄላና ሽምብራ እያስቀረች፣ ከመጥረጊያ ስንጥር እየሰበረች፣ ሞለኪውል እየሠራች ታስተምራቸው ነበር። ባቄላው ካርቦን፣ ሽምብራው ሃይድሮጅን። «ትምህርቱ ሲያልቅ ካርቦኑን ተካፍለን እንበላዋለን» አለችኝና ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነሰች፤ «እማዬ ጋ እንዳታወሪ፣ ሥጋ ይሰጡን ነበር ብያታለሁ።»

ሠርጉ አለቀ። እኔ ቀረሁ። የስደተኞችን ጉዳይ የሚያየው መሥሪያ ቤት፣ ሆም ኦፊስ፣ ሄጄ የሆነውን ሁሉ እንደሆነ ተናገርኩ፣ እዚያ አልዋሸሁም፤ ሲያልቅ የሚታደስ የሦስት ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ሰጡኝ። ፊንስበሪ ፓርክ እትዬ ጥሩወርቅ ቤት አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እትዬ በደርግ ጊዜ የወጡ ሴት ናቸው፣ ካውንስሉን እስከ ዛሬ «ቀበሌ» ነው የሚሉት። መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ማሞቂያውን አሳይተውኝ፣ «ይሄ ቁልፍ ይሠራል፣ ግን አይነካም» አሉኝ።

«ከበረደኝስ እትዬ?»

«ከበረደሽማ ካፖርት አለ። እኔ እዚህ አገር ስመጣ ማን አሞቀኝ?»

ስለ ብርዱ ብዙ ተጽፏል፣ እኔ የምጨምረው የለኝም። የገረመኝ ዝናቡ ነው። የእኛ ዝናብ ተቆጥቶ ይመጣል፣ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ይሄዳል። የእነሱ ዝናብ ድምፅ የለውም፤ ከቤት ስትወጪ ዝም ብሎ ያርስሻል። ሰዉም እንደዚያው ነው፤ እግሩን ብትረግጪው «ሶሪ» የሚልሽ እሱ ነው።

የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ያዝኩ። ጠዋት ጠዋት የአገሩን ሽማግሌዎች አጥባለሁ፣ ከሰዓት ኮሌጅ እማራለሁ። ሐሳቤ ፋርማሲ ገብቼ ፋርማሲስት መሆን ነበር። እናቴ ደግሞ እኔ ሳላመለክት በፊት ለሰፈሩ ሁሉ «ፋርማሲ ገብታለች» ብላ ጨርሳለች። ለምን እንዲህ ትያለሽ ስላት «ውሸት ነው እንዴ? አትገቢም?» አለችኝ።

አፕላይ አደረግኩ፣ ደግነቱ አንድ ጥሩ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸው እልልታ አሰሙ። ክፍያውን ለመጠየቅ ሄጄ የዩኒቨርሲቲው ጽሕፈት ቤት መስኮት ጋ ስደርስ እዚያ የተቀመጠው ልጅ ወረቀቴን አገላብጦ አየና፣ «ኦቨርሲስ ተማሪ ነሽ» አለኝ።

«እኔ? ፊንስበሪ ፓርክ ነው የምኖረው። አሁን በ29 ቁጥር አውቶቡስ ነው የመጣሁት።»

«ይገባኛል። ለክፍያ ሲባል ግን ኦቨርሲስ ነሽ።»

«ከመጣሁ ጀምሮ ከዚህ አገር አልወጣሁም። መውጣትም አልችልም፣ ፓስፖርቴን ወስዳችሁታል።»

«እሱ ሆም ኦፊስ ነው፣ እኛ አይደለንም።»

«እና እዚህ እየኖርኩ ባሕር ማዶ ነኝ?»

«ለክፍያ ሲባል» አለኝ በጣም በትሕትና። የእኔ ዓይነት ፈቃድ ያለው ሰው የመንግሥት የትምህርት ብድር አያገኝም፣ ክፍያውም የውጭ ሰው ክፍያ ነው። ሽማግሌ በማጠብ የሚሞላ አልነበረም። የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው በብጥብጥና በጦርነት ትምህርታቸው ለተቋረጠባቸው ሰዎች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ። በዓመት ሁለት ሰው ነው የሚወስዱት። ከየትኛውም አገር ማመልከት ይቻላል። የሚፈልጉት ደግሞ ውጤትና አንድ ገጽ ተኩል ጽሑፍ ነው፣ ስለ ራስሽ።

ጻፍኩ። እውነቱን ጻፍኩ። ጓደኞቼ ሲወሰዱ እኔ አክስቴ ቤት ምሳ እየበላሁ እንደነበር፣ ያ ምሳ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ እንዳለ፣ ማንም ሳይነካኝ ፈርቼ ከአገር እንደወጣሁ። የኮሌጅ አስተማሪዬ ሚስ ካረን አነበበችውና ራሷን ነቀነቀች።

«በጣም ጥሩ እንግሊዝኛ ነው» አለችኝ። «ግን ሰናይት፣ እዚህ ውስጥ ምንም አልደረሰብሽም እኮ።»

ስላልደረሰብኝ ይቅርታ ጠየቅኳት። እውነቴን ነው፣ «ሶሪ» አልኳት። እንዳለ ላክሁት፣ በሁለት መስመር መልስ ጣሉኝ። ዩኒቨርሲቲው ቦታዬን ለአንድ ዓመት አቆየልኝ እንጂ ያኔ አልቆልኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ማመልከቻው ሲከፈት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ባዶ ወረቀት አፍጥጬ ሳይ እትዬ ጥሩወርቅ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር።

«ምን ያስጨንቅሻል፣ ለፈረንጅ ስትጽፊ ትንሽ እንባ ጨምሪበት።»

«የሚያስለቅስ ነገር የለኝም እትዬ።»

«ያንቺ ከሌለሽ ካላት ተበደሪያ» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

እሳቸው ላይ አላላክክም። ስለ ስንዱ አያውቁም፣ እንደ ቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን ያን ቀን ባቄላውን ጻፍኩት። አዳራሹን፣ የተላጨውን ፀጉር፣ የመጥረጊያውን ስንጥር፣ የሌላ ሰው ጫማውን፣ ሁሉንም በ«እኔ» አድርጌ። ስንዱ ካምፕ ውስጥ በነበረችባቸው ቀናት እኔ የት እንደነበርኩ እግዚአብሔር ያውቃል። በጣም ያሳፈረኝ ግን መስረቄ ብቻ አይደለም። ደውዬ ብጠይቃት «ውሰጂው፣ ለአንቺ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው» ትለኝ ነበር። ያንን አውቄ ነው ያልጠየቅኳት። ብጠይቃት የእሷ መሆኑን ማመን ይኖርብኝ ነበር።

ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ። ሦስት ሰዎች ነበሩ፣ አንዷ ሴትዮ ገና ሳልቀመጥ ዓይኗ እርጥብ ነበር። ከመሀል የተቀመጡት ሽማግሌ ፕሮፌሰር መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እስቲ ንገሪን፣ ድርብ ቦንዱን እንዴት ነበር የምትሠሪው?» አሉኝ። ስንዱ ይህን አልነገረችኝም ነበር። አፌ ዝም ብሎ «ሁለት ስንጥር ጎን ለጎን» አለ። ፕሮፌሰሩ ፈገግ አሉ። ከዚያ ሴትየዋ «አብረውሽ የነበሩት ልጆችስ የት ደረሱ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አንዷ አሁን የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህርት ናት» አልኩ። በጣም ደስ አላቸው። ከእኔ የተማረች መሰላቸው።

መልሱ ሲመጣ ሦስተኛ ሆኛለሁ፣ የሚወሰዱት ሁለት ናቸው። ሪዘርቭ ሊስት ላይ ነሽ፣ ከሁለቱ አንዱ ከቀረ እንጠራሻለን ይላል ደብዳቤው። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሻማ አብርቼ፣ ከሁለቱ አንዳቸው እንዲቀሩ ልለምን ስል አፌ ተያዘብኝ። እንዲህ ዓይነት ልመና በምን ቃል ይለመናል? ሻማውን እዚያው ትቼ ወጣሁ። ግን የፈለግኩትን እግዚአብሔር አላወቀውም አልልም። በሦስተኛው ሳምንት ኬንቲሽ ታውን ለእትዬ በቆሎ ዱቄት ልገዛ ወጥቼ ስልኬ ጠራ፤ አንዱ ሰው ትቶታል፣ ቦታው ያንቺ ነው አሉኝ። መንገድ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እናቴ ጋ ስደውል «ድሮስ ገብተሽ አልነበር?» አለችኝ።

ፋርማሲ እንዲህ ነው የገባሁት። የተማሪ ቤቱ ካፍቴሪያ ውስጥ ለቁርስ ባቄላ ነው የሚያቀርቡት፣ ጣፋጭ ቀይ መረቅ ውስጥ የተዘፈቀ። አንድም ቀን ወስጄ አላውቅም፣ ሲጠይቁኝ ሆዴን ያመኛል እላለሁ። ይባስ ብሎ በየዓመቱ ለስኮላርሺፑ ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች በሚጋበዙበት ምሳ ላይ ተነስቼ እንድናገር ይጠሩኛል። መጀመሪያ ላይ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እሱንም ካየሁት መከራ ቆጠሩልኝ። በሦስተኛው ዓመት አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም ስናገር የአዳራሹ ሲሚንቶ እንደቀዘቀዘኝ ታወሰኝ። ስንዱ ስለ ሲሚንቶ ነግራኝ አታውቅም።

ከስንዱ ጋር እሑድ እሑድ እንደዋወላለን። እሷ ከካምፑ በኋላ ሁለት ዓመት ተቃጥሎባት፣ እንደምንም ዲግሪዋን ጨርሳ፣ እውነትም ታስተምራለች። ክፍሏ ውስጥ ሰባ ተማሪ አለ፣ ላቦራቶሪው ተቆልፎ ቁልፉ የጠፋ ነው። ባለፈው መስከረም አንድ እሑድ ስትደውል ድምፅዋ ልዩ ነበር።

«ሰኒ፣ አንቺ ያገኘሽውን ስኮላርሺፕ ኢንተርኔት ቤት አየሁት። ለማስተርስም ይሰጣሉ አይደል? ልሞክር ብዬ።»

«ሞክሪ እንጂ» አልኩ።

«እንግዲያው ያንቺን ጽሑፍ ላኪልኝ፣ እንደ ሳምፕል። ምን ዓይነት ነገር እንደሚወዱ ልይ።»

አገር ቤት ያለ ሰው ይሄን ያውቀዋል። የተሳካለት ሰው ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ አልልክም ማለት ነውር ነው። እኔ «አሮጌው ኮምፒውተሬ ላይ ነው፣ ተበላሽቷል» አልኩ። በሚቀጥለው እሑድ ጠየቀችኝ፣ «ላሠራው ወስጄዋለሁ» አልኩ። በሦስተኛው እሑድ «ሰኒ፣ ካልተመቸሽ ተዪው እሺ» አለችኝ፣ ቅር እንዳላት ሳታስታውቅ። የዚያኑ ቀን ላክሁላት። የላክሁላት ግን የመጀመሪያውን ነው፣ የአክስቴን ቤት ምሳ፣ የጣሉትን። «በዚህ ነው ያለፍኩት» ብዬ ላክሁላት።

በማግስቱ ደወለች። እሑድ እንኳ አልነበረም።

«አነበብኩት» አለች። «ሰኒዬ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ይሄን ይዘሽ ነው የኖርሽው? ምሳ በመብላትሽ? አንቺ እዚያ አለመኖርሽ እኮ ለእኔ ደስታዬ ነበር። ቢያንስ ሰናይት ተርፋለች እያልኩ ነበር የምተኛው። በእኔ ሞት፣ ከእንግዲህ እንዳታስቢው።»

ማልቀስ ጀመርኩ። በዚያ ምክንያት ያለቀስኩ መስሏት ታባብለኝ ጀመር።

«ደግሞ ፈረንጆቹን ወደድኳቸው» አለች። «እውነቱን ብትነግሪያቸው ይገባቸዋል ማለት ነው። እኔም እንደ አንቺ አድርጌ ጻፍኩት፣ ቆይ ላንብብልሽ።»

አነበበችልኝ። ስለ ሰባዎቹ ተማሪዎች፣ ስለ ቁልፉ፣ ምን መማር እንደምትፈልግ። ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ፣ እሷን የሚመስል ጽሑፍ ነው። ስለ ካምፑ አንድ ቃል የለውም።

«የታሰርኩበትንስ ልጨምር ብዬ ነበር» አለች፣ «ከዚያ አንቺ እንደዚያ ዓይነት ነገር ስላላስገባሽ ተውኩት። ባቄላ ምናምን ብል ደግሞ ማን ያምነኛል? ልመናም ይመስላል።»

ማመልከቻው የሚዘጋው በማግስቱ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ፤ ጨምሪው። ከጨመረችው ያነቡታል፣ እነዚያው ሰዎች፣ እኚያው ፕሮፌሰር፣ ሁለት ጊዜ የማይሰማ ታሪክ ሁለት ጊዜ ይሰማሉ፣ እና እኔ የመጨረሻ ዓመቴ ላይ ነኝ። ካልጨመረችው ምን እንደሚመልሱላት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሁለት መስመር።

«ሰኒ? ጥሩ ነው? ልላከው?»

«ጥሩ ነው» አልኳት። «ላኪው።»

«ተመስገን» አለች። ከዚያ ከአጠገቧ ያለ ሰው ጋ ስታወራ ሰማኋት፣ «ሰናይት ጥሩ ነው አለች።» ስልኩን እናቷ ተቀበሉ። እማማ ወርቄ ጆሯቸው ከብዷል፣ ስለዚህ ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት።

«ሰናይትዬ፣ ልጄን አልረሳሽብኝም። ሰው ባሕር ከተሻገረ ይረሳል ይሉኝ ነበር። እኔ የምከፍልሽ የለኝም፣ ለእሷ ያደረግሽውን እሱ እጥፍ አድርጎ ይክፈልሽ።»

«አሜን፣ እማማ» አልኩ።