የመቶ ሃያ ደቂቃው ካሴት

እኔ ዕቃ አልታዘዝ ሲለኝ ቶሎ የማልቆጣ ሰው ሆኛለሁ። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ቤታችን ውስጥ አንድ የቴፕ ቁልፍ እምቢ አልጫንም ባይለኝ ኖሮ፣ የአባቴን ድምፅ በገዛ እጄ አጠፋው ነበር። ይህንን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም እፎይ እላለሁ።

አባቴ ጡረታ የወጣ ድሬሰር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰው መርፌ ሲወጋና ቁስል ሲያሽግ ኖሯል። ከዚያ የተረፈውን ጊዜ በሙሉ የሰጠው ለጸሎት ቤታችን መዘምራን ነው፤ ከፊታቸው ቆሞ ይዘምራል፣ ያዘምራል፣ የተሳሳተውን በዓይኑ ይቀጣል። ከዕለታት አንድ ቀን የጸሎት ቤቱ በር በመንግሥት ትእዛዝ ታሸገ፤ መዝሙሩም ተከለከለ። በዓመቱ አባቴ አንገቱ ላይ የነበረውን እንቅርት በኦፕራሲዮን አስወጣ፤ ድምፁም አብሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚናገረው በሹክሹክታ ብቻ ሆነ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት የእኛ ቤት ነው።

የቀሩን አራት ያረጁ ካሴቶች ነበሩ። መዘምራኑ በኦሮምኛ የዘመሩት፣ አባቴ በዚያ ወፍራም ድምፁ የሚመራው መዝሙር ያለው እነሱ ላይ ብቻ ነው። አባቴ ካሴት ላይ ስም አይጽፍም፤ ሌላ ልማድ ነበረው። መዝሙሩ ተቀድቶ ሲያልቅ የኪስ ቢላዋውን ያወጣና በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይሰብራቸዋል። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ላይ የቴፕ መቅጃ ቁልፍ አይወርድም። «ይህ አይጠፋም» ይልና ቢላዋውን አጥፎ ኪሱ ይከታል። የልብ ጓደኛውን ያህል የሚያምናት ቢላዋ ነበረች።

እኔ ያን ጊዜ ዲጋ በምትባል ቅርብ ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት እመጣለሁ። መዝሙር አልዘምርም። በልጅነቴ መዘምራኑ ውስጥ ነበርኩ፤ አንድ ቀን አባቴ በሰው ፊት «አንተ ለዛሬ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» አለኝ። በዚያው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ እሱ ባለበት ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ኩርፊያዬ ረጅም ነው፤ እናቴ በእሷ ወገን የመጣ ነው ትላለች።

አንድ ሳምንት ሰፈር ውስጥ የቤት ፍተሻ ሊደረግ ነው የሚል ወሬ ተነሳ። አራት ካሴት ለመደበቅ ብዙ ነው። ደግሞም ከማርጀታቸው የተነሳ መንሿሿት ጀምረዋል። ስለዚህ አሰብኩ። በየካሴቱ ላይ ያለው መዝሙር ግማሽ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ሲደመር መቶ ሃያ ደቂቃ። ሁሉንም በአንድ መቶ ሃያ ደቂቃ ካሴት ላይ ላስቀዳ፣ እሱን ፍራሽ ውስጥ ልደብቅ፣ በአራቱ አሮጌዎች ላይ ደግሞ ሬዲዮ ልቅዳባቸው። ፈታሽ ቢመጣ የሚያገኘው ዜና ነው። የሒሳብ አስተማሪ መሆኔ ጠቀመኝ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

ካሴት የሚሸጠውና የሚቀዳው ገበያው አጠገብ ሱቅ ያለው ጉራጌ ነጋዴ ነበር። ጨው፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ ከታች፣ ካሴት ከላይ ይደረድራል።

«አካም ጂርታ መምህር፣ ናጋ? ዲጋ ደኅና ነው?» ሲል በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

«ደኅና ነው። መቶ ሃያ ደቂቃ ካሴት ስጠኝ።»

እጁን ወደ ላይ ከመዘርጋት ይልቅ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። «ምን ልትቀዳበት ነው?»

«የሚቀመጥ ነገር።»

«የሚቀመጥ ከሆነ መቶ ሃያ አልሸጥልህም።» አንድ ስድሳና አንድ መቶ ሃያ አውርዶ የሁለቱንም ክር በጥፍሩ ሳብ ሳብ አደረገልኝ። «ዳስሰው። ይሄ መቶ ሃያው ክሩ ረጅም ስለሆነ እዚህች ውስጥ እንዲገባ አቅጥነውታል። የሽንኩርት ልጣጭ ነው። ሙቀት ያገኘው ቀን ቴፕ ይበላዋል። ሁለት ስድሳ ውሰድ። አንዱ ቢበላ አንዱ ይተርፍሃል።»

እውነቱን ነበር። እኔ ግን እምቢ ካልኩ እምቢ ነኝ። ጠጋ ብዬ ነገሩን ሹክ አልኩት፤ የአባቴ መዝሙር እንደሆነ፣ አንዱን መደበቅ ከሁለት እንደሚቀል። ሳቀ።

«ጁምዓ የማይቀር ሰው ሱቅ ውስጥ የእናንተን መዝሙር ማን ይፈልጋል? እሺ፣ ያንተ ነገር። ግን ነግሬሃለሁ።»

ሁለት ቴፖች ከባንኮኒው ጀርባ መደርደሪያ ላይ በገመድ ተያይዘው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል። ነጋዴው ሁልጊዜ የሚቀዳውን ነገር ጮክ አድርጎ ያሰማል፤ ለገበያውም ማስታወቂያው ነው። ያን ቀን ግን ለእኔ ሲል የአጫዋቹን ድምፅ ጨርሶ ዘጋው። የምናየው የሚቀዳው ቴፕ ላይ ያለችውን የድምፅ መለኪያ መርፌ ብቻ ነው። መርፌዋ ከተንቀሳቀሰች እየቀዳ ነው። መርፌዋም ተንቀሳቀሰች።

ባንኮኒውን አልፌ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጬ ግንባሬን ቴፑ ላይ ልደፋ ምንም አልቀረኝም። ድምፅ ስለሌለ የትኛው መዝሙር ላይ እንደደረሰና ካሴት መቼ እንደሚቀየር ማወቅ አስቸገረኝ። መላ ፈጠርኩ፤ መዝሙሮቹን ከነቅደም ተከተላቸው በቃሌ ስለማውቃቸው ለራሴ በለሆሳስ እየዘመርኩ ተከተልኳቸው። በትክክል ሄደልኝ። እኔ ከፍ ስል መርፌዋ ከፍ ትላለች፣ እኔ ዝቅ ስል እሷም ዝቅ። ከአባቴ መዝሙር ጋር እንዲህ መግጠሜ ገረመኝ፤ ትንሽም ኮራሁ። በመካከሉ ገበያተኛ ይገባል፣ ይወጣል። ሁለቱ ሰዓት አልቆ ስነሳ ወገቤ አልቃና ብሎኝ ነበር።

በማግሥቱ እሁድ እናቴ አርጆ ያለ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች፤ አባቴ ጓሮ ጎመን ይኮተኩታል። እኔ ዕቅዴን ልፈጽም ሬዲዮ ካለው ቴፓችን ፊት ተቀመጥኩ። የመጀመሪያውን አሮጌ ካሴት ከተትኩና ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። አልወርድ አለ። ደግሜ ተጫንኩ። እምቢ። ቴፑን በጥፊ አልኩት። ካሴቱን ለወጥኩ፤ ሁለተኛውም እምቢ፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም። የተሰበሩት ጥርሶች ትዝ ያሉኝ ያን ጊዜ ነው።

ለዚህም መላ አላጣሁም፤ መላ አጥቼ አላውቅም፤ ችግሬም እሱ ነው። ከአባቴ የድሮ የሥራ ቦርሳ የቁስል ፕላስተር አወጣሁ። ፕላስተሩ ደርቆ አልላጥ አለኝ፤ በጥፍሬም በጥርሴም ታገልኩት። በስንት መከራ የአንደኛውን ካሴት ቀዳዳዎች ሸፈንኩና ቁልፉን ስጫነው ወረደ። ሬዲዮው ስለ እርሻ ምርት ሲናገር፣ ንግግሩ በአባቴ መዝሙር ላይ መቀዳት ጀመረ።

አባቴ መኮትኮቻውን እንደያዘ በር ላይ ቆመ። ፕላስተሩን አየ፣ ቴፑን አየ።

«ምንድነው የምታደርገው፣ ኢልማ ኮ?»

ልጄ ሲለኝ ደግ ቀን ነው ማለት ነው። ዕቅዴን አስረዳሁት። መቆጣት ሲፈልግ የሚጮህበት ድምፅ ስለሌለው እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«አዲሱን ሰምተኸዋል?»

«መርፌዋን አይቻለሁ።»

«ሠላሳ ዓመት መርፌ ይዤ ኖሬአለሁ» አለኝ በሹክሹክታው፤ «በማየት የዳነ በሽተኛ ግን አልገጠመኝም።»

ቴፓችን አንድ ብቻ ስለነበር አዲሱን ለመስማት ማጥፋቱን ማቆም ነበረብኝ። አቆምኩ። መቶ ሃያውን ከፍራሹ አውጥቼ ከተትኩ። መጀመሪያ የክሩ መንሿሿት ተሰማ። ቀጥሎ ጥርት ያለ የሴት ድምፅ መጣ፤ «ሶጊዳ ኪሎ ቶኮ።» አንድ ኪሎ ጨው። ቀጥሎ የነጋዴው ድምፅ፣ ቀጥሎ የሚዛን ኳኳታ፣ ከውጭ የአህያ ጩኸት። ወደ ፊት አሳለፍኩት። «የለም እናቴ፣ ስኳር አልመጣም።» አሁንም አሳለፍኩት። የባትሪ ድንጋይ ይጠየቃል።

ገመዱ በደንብ አልገባም ነበር። ቴፑ የቀዳው በራሱ ጆሮ፣ በውስጡ ባለችው ማይክራፎን፣ የሰማውን የሱቁን ወሬ ነው። ነጋዴው ድምፁን ባይዘጋ ኖሮ ወዲያው እንሰማው ነበር፤ በፍርሃታችን ዘግተን መርፌ ስናይ ዋልን።

አንደኛውን አሮጌ ካሴት መልሼ ከተትኩና ወደ መጀመሪያው መለስኩት። የሬዲዮው ሰውዬ ስለ እርሻ ይናገራል፣ ይናገራል፣ አያልቅም። ያን ሰውዬ ያን ቀን እንደጠላሁት ማንንም ጠልቼ አላውቅም። የአባቴን ፊት ለማየት ድፍረት አጣሁ። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና ሰውዬው ተቋረጠ። ትንሽ ዝምታ። አንድ ሰው አሳለ። ቀጥሎ የአባቴ ድምፅ፣ ያ ወፍራም ድምፅ፣ የመጀመሪያውን መዝሙር አነሳ።

አባቴ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «የጠፋው የመክፈቻ ንግግሬ ነው» አለ። «ረጅም ነበር። መዘምራኑም ሲያዛጉ ነበር።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የቀሩትን ሦስቱን አንድ በአንድ ሞከርኳቸው፤ ሁሉም ደኅና ናቸው። ደስታዬ እንባዬን ቀደመው፤ ስቄ ስቄ ሆዴን አመመኝ። ፕላስተሩን ላጥኩና ምድጃ ውስጥ ጣልኩት።

አባቴ ግን ሌላ ነገር አማረው። «ያንን የሱቁን መልሰህ ክፈተው» አለኝ። ሰው ሲከራከር መስማት ይወዳል። ከተትኩለት። ጨው የሚገዙትን እየሰማ ትከሻው በሳቅ ይነቃነቃል፤ አንዷን ሴት በድምፅዋ ለይቶ የማን ሚስት እንደሆነች ነገረኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ገበያው ሳይረግብ አልቀረም፤ ሱቁ ጭር አለ። በዚያ ጭርታ ውስጥ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ይዘምራል።

አባቴ ሳቁን አቆመ። ወደ ቴፑ ጎንበስ አለ።

«ኩን ኤኙ?» አለ። ይህ ማነው?

ፊቴ ጋለ። መርፌዋ ለምን ከእኔ ጋር ከፍ ዝቅ ስትል እንደዋለች የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ልዘጋው እጄን ስሰድ አባቴ ያዘኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ዓይኑን ጨፍኖ ጠቋሚ ጣቱን አነሳና፣ ድሮ በመዘምራኑ ፊት እንደሚያደርገው፣ ጉልበቱ ላይ ምት መምታት ጀመረ። መዝሙሩ አለቀ፣ ሌላው ተጀመረ፣ እሱም አለቀ። ጣቱ አልቆመም። ሱቁ ውስጥ ሰው ገብቶ ዝማሬዬን ሲያቋርጠኝ ብቻ ዓይኑን ገለጠ።

«ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትቸኩላለህ» አለኝ። ቀጥሎም «ወደ ኋላ መልሰው» አለ።

በሳምንቱ ቅዳሜ አራቱን አሮጌዎችና ያንን መቶ ሃያ ይዤ ነጋዴው ዘንድ ሄድኩ። ፈታሽ አልመጣም ነበር፤ ወሬው ወሬ ሆኖ ቀረ። የሆነውን ስነግረው ግንባሩን መታ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። መቶ ሃያውን መልስልኝ፣ በእሱ ፈንታ ሁለት ስድሳ እሰጥሃለሁ። ዛሬ ድምፁን በትንሹ ከፍተን ነው የምንቀዳው፤ የመጣው ይምጣ።»

ሐሳቡን ወደድኩት። ያ የእኔ ማንጎራጎር ገበያ መሐል እንዲዞር ስለማልፈልግ «እፊቴ አጥፋው» ብዬ ሰጠሁት። ቴፑ ውስጥ ከተተና ቀዩን ቁልፍ ተጫነ።

አልወርድ አለ። ደግሞ ተጫነ። አውጥቶ ጀርባውን ገልብጦ አየ።

«መምህር፣ ይሄን ጥርስ የሰበረው ማነው? እኔ ስሸጥልህ ሙሉ ነበር።»

ተቀብዬው ሁለቱን ቀዳዳዎች በአውራ ጣቴ ዳሰስኳቸው። ጠርዛቸው ገና ሹል ነው። ካሴቱን ኪሴ ከተትኩና የሁለቱን ስድሳዎች ዋጋ ከፈልኩ።