ጋሽ ማርቆስን ጥቁርና ነጭ ያደረግሁ ጊዜ

በዲግሪዬ የሚገባኝን እድገት ከልክለው፣ ምክንያቱን እንኳ ሳይነግሩኝ ጡረታ የወጡት የቀድሞ አለቃዬ ጋሽ ማርቆስ፣ ባለፈው ወር ሶዶ ውስጥ ወደከፈትኳት ፎቶ ቤት መጡ። ፀጉራቸውን የተቀቡት ቀለም ፎቷቸው ላይ ቀይ ሆኖ ወጥቶባቸዋል።

«ልጄ፣ እስቲ በኮምፒውተር ጥቁርና ነጭ አድርግልኝ» አሉ።

አደረግሁላቸው። አምሮ ስለወጣ አንዱን በትልቁ አትሜ ለናሙና መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት። እኛ ሰፈር እንዲህ ዓይነት ፎቶ በትልቁ የሚታተመው ለሞተ ሰው መሆኑ ትዝ ያለኝ ግን፣ በማግስቱ የእድሩ ሰዎች ድንኳን ጭነው ጋሽ ማርቆስ በር ላይ መድረሳቸውን ስሰማ ነው። ፎቶውን አውርጄ፣ ሱቁን ዘግቼ ልሸሽ ስል ራሳቸው ገቡ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሳላስበው ነው» አልኩ።

«እሱን ተወው። ሰው ከሁምቦና ከቦዲቲ ድረስ እያለቀሰ መጥቶልኛል። አንተ ከዚህ እዚያ መሻገር አቃተህ?»

«አለመሞትዎን አውቅ ነበራ፣ ጋሼ።»

«ሰበብ አታብዛ። ያን ጊዜም እድገቱን የከለከልኩህ ቂመኛ መሆንህን አውቄ ነው» ብለውኝ ወጡ።