ከረግረጉ ዳር የነበረው ማንጎ

እህቴ ከሞተች በኋላ አባቴ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በስሟ ዛፍ እንዲተከል። እኛ ዘንድ ሰደቃ ጃሪያ ይባላል፤ ሰው ካለፈ በኋላም የማይቋረጥ ምጽዋት ማለት ነው። ከዛፉ ሰው ወይም ወፍ በበላ ቁጥር ምንዳው ለሞተው ይደርሰዋል። አባቴ ይህን የሚያምነው ነገ ይነጋል ብሎ እንደሚያምነው ነው። ስለ እህቴ ብቻ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለ ዛፉ ከሆነ ግን ትንሽ እችላለሁ።

ሱቃችን፣ ከጀርባውም ቤታችን፣ ኦልድ ካምፓላ ነው፣ ከመስጊዱ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ። ስኳር፣ ሩዝና ሳሙና በጅምላ እንሸጣለን። አባቴ ከወሎ ሲመጣ እኛ ገና አልተወለድንም። እኔ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ ሱቅ ገባሁ። እህቴ ዩኒቨርሲቲ ገባች።

እዚያ ተማሪዎች ራሳቸው የሚመሩት የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ ነበር። ከግቢው ጀርባ መሬቱ ወደ ረግረግ ይወርዳል፤ ዳር ላይ ያለችውን ቁራሽ መሬት ዩኒቨርሲቲው ለእነሱ ትቶላቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የጎማ ቦት ጫማ አድርገው ይወርዳሉ። ከውጭ የመጣውን ተክል ይነቅላሉ፣ የአገሩን ይተክላሉ። ከዚያ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሮሌክስ እየበሉ፣ በቻፓቲ ቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ነው፣ ስለ ወፎች ይከራከራሉ። አንድ ቅዳሜ እኔንም ይዛኝ ሄደች። የወፍ ቆሎ የሚባለውን ቁጥቋጦ ስነቅል እሾሁ እጄን ቧጨረኝ። "ሱቅ ውስጥ ተቀምጠህ እጅህ የሙሽራ እጅ ሆኗል" ብላ በሁሉም ፊት ሳቀችብኝ።

ከክበቡ ልጆች ሁሉ ጥብቋ እሷ ነበረች። አባቴ ከናካሴሮ ገበያ ማንጎ ገዝቶ ሲመጣ እየበላች ትነተርከዋለች። ማንጎ ከህንድ የመጣ ዛፍ እንደሆነ፣ ረግረግ ዳር ቦታ እንደሌለው ትነግረዋለች። አባቴም እኛም ከውጭ ነው የመጣነው፣ እንግዲያው እኛንም ንቀይና ጣይን ይላታል።

"እናንተን ለመንቀል ፈቃድ አላወጣሁም" ትለዋለች።

የሞተችው ቅዳሜ ነው። ከክበቡ ስትመለስ ዝናብ ነበር። ቦዳ ላይ ነበረች፣ የኪራይ ሞተር ሳይክል ነው። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ውስጥ የጭነት መኪና... ከዚህ በላይ አልጽፈውም። ያጠቧት ሴቶች ጥፍሯ ውስጥ ጭቃ ነበር አሉ።

የክበቡ ልጆች ተሰብስበው ለቅሶ መጡ። ጫማቸውን ደጅ ደርድረው፣ በሉጋንዳ "ኪታሎ" እያሉ ገቡ፤ እንደኛ ሶብሩን ይስጣችሁ እንደማለት ነው። ያኔ ሰብሳቢያቸው አንድ ረጅም ልጅ ነበር። በመሬታቸው ላይ ዛፍ ሊተክሉላት እንደሚፈልጉ ተናገረ፤ እኔ ለአባቴ ተረጎምኩለት። አባቴ ከተቀበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

"የሚበላ ይሁን" አለ። "ማንጎ ይሁን።"

ይህንንም ተረጎምኩ። ልጆቹ እርስ በእርሳቸው ተያዩ፣ ከዚያ ይቅርታ ጠይቀው ወጡ። እኔም ተከትያቸው ወጣሁ። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተከራከሩ። ደንባቸው የታወቀ ነው፤ እዚያ መሬት ላይ የአገር ዛፍ እንጂ ሌላ አይገባም። አንዱ ልጅ፣ የአገሩ ሾላ እኮ አለ፣ ወፍ በደንብ ይበላዋል አለ። እኔ አባቴ ማንጎ ብሏል፣ ሌላ ዛፍ ይዤ ወደ ውስጥ መመለስ አልችልም አልኳቸው። 

"እሷ ብትኖር እሁድ ተመልሳ ትነቅለው ነበር" አለች አንዷ ጓደኛዋ።

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ያቺው ልጅ ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች። በመጨረሻ ከዳር፣ አጥሩ ጥግ ይሁን ተባለ። ስሟ የተጻፈበት ሰሌዳ ይደረግ ስል ግን እምቢ አሉ። ክበቡ ዛፍ ላይ ስም አይጽፍም። ዛፍ የማንም አይደለም ይላሉ። እህቴም ስትለው ሰምቻለሁ። ስለዚህ አልገፋሁም።

አባቴ ራሱ ተከለው። ተንበርክኮ አፈሩን በመዳፉ ጠቀጠቀው። ጉልበቱን ስለሚያመው ሁለት ልጆች ደግፈው አስነሱት። ከዚያ በኋላ ያንን ቁልቁለት መውረድ አልቻለም፤ ሁልጊዜ የምሄደው እኔ ሆንኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁን እሱ ይይዛል፣ እኔ በታክሲ ሄጄ በጄሪካን ውሃ አጠጣለሁ። ስመለስ ደንበኛ እያስተናገደ እንኳ ይጠይቀኛል። ቅጠል አወጣ ወይ፣ ፍየል አልደረሰበትም ወይ ይላል። እናቴ ስለ ዛፉ አንድም ቀን አልጠየቀችም። እኔና አባቴ ግን ስለ እህቴ የምናወራው በዛፉ በኩል ነበር። ሌላ መንገድ አልነበረንም።

ዓመታት አለፉ። ጓደኞቿ ተመረቁ። ረጅሙ ልጅ ጉሉ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ ያለቀሰችው ልጅ ናይሮቢ ሄደች። መጀመሪያ መልእክት ይልኩልኝ ነበር፣ ቀስ በቀስ ቀረ። አልፈርድባቸውም። የተማሪ ክበብ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ስሙ እዚያው ይቆያል፣ ሰዎቹ ይለወጣሉ። ቅዳሜ የማገኛቸው ፊቶች በሙሉ አዲስ ሆኑ። የግቢው አትክልተኛ እመስላቸው ነበር መሰለኝ፣ ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ። እኔም ማን እንደሆንኩ ተናግሬ አላውቅም። ጠይቀውኝ ቢሆን እነግራቸው ነበር።

ባለፈው ሰሞን ዛፉ ለመጀመሪያ ጊዜ አበበ። አባቴ ስኳር ሊገዙ ለሚመጡት ሁሉ ተናገረ። ከአበባው ጥቂት ፍሬ ያዘ፤ አውራ ጣት የምታክል፣ አረንጓዴ። ከዚያ ረመዳን ገባ። ሱቅ ሥራ በዛ፣ ጾሙም ነበር፣ ወሩን ሙሉ አልሄድኩም። ዝናብ ስለነበር ለዛፉ አላሰብኩም።

ከዒድ በኋላ ሄድኩ። አጥሩ ጥግ ስደርስ ባዶ ነው። ቦታ የተሳሳትኩ መስሎኝ ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ ደግሜ መጣሁ። አፈሩ ተቆፍሮ ተመልሷል፣ ላዩ ላይ ሣር ተነጥፎበታል። ጥሩ አድርገው ነው የሠሩት። ሥር እንኳ አላስቀሩም።

አዲሷ ሰብሳቢ ጓንቷን እያወለቀች መጣች። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እየፈለግኩ መሆኔን አይታ፣ ደስ ብሏት፣ መሬቱን በእጇ እየጠቆመች አስረዳችኝ። በዚህ ሴሚስተር ከውጭ የመጣ ተክል አንድ ሳይቀር ማጽዳታቸውን፣ እዚህ ጥግ ላይ ደግሞ ማን እንደተከለው የማይታወቅ ትልቅ ማንጎ እንደነበረ፣ እሱን ለማውጣት ብቻ አንድ ሙሉ ጠዋት እንደፈጀባቸው ነገረችኝ።

እንጨቱስ የት ሄደ አልኳት። መንገድ ዳር ፖሾ፣ የበቆሎ ገንፎ፣ ለምታበስለው ሴት ለማገዶ ሰጥተናል አለች።

ከዚያ ነገርኳት። እንግሊዝኛዬ ሲጨንቀኝ ይጠፋብኛል፤ ተደነቃቀፍኩ። እህቴ አልኳት። የዚህ ክበብ አባል ነበረች አልኳት። ልጅቷ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ማንም እንዳልነገራቸው ደጋግማ ተናገረች። እውነቷን ነው። ማን ይነግራቸዋል? ሌሎቹ ልጆች መጡ፣ ነገረቻቸው። አንዱ ቅዳሜ የአገር ዛፍ ልንተክልላት እንችላለን አለ። ሌላው እጁን ያዘው።

"ምን ዓይነት ሰው ነበረች?" አለችኝ ሰብሳቢዋ።

አፌን ከፈትኩ። ብዙ ነገር መጣብኝ፤ ስትነተርክ፣ ስትበላ፣ ስትሳደብ። የወጣልኝ ግን እንደ እናንተ ነበረች የሚል ብቻ ነው። እነሱም ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን እንዳሰቡ አላውቅም። እህቴ በሰብሳቢዋ ቦታ ብትሆን እሷም ትነቅለው እንደነበር አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው ልቆጣ ያልቻልኩት። ብቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በታክሲ ስመለስ ለአባቴ ምን እንደምለው አሰብኩ። ዛፉ ደህና ነው ብል ማንም አያጋልጠኝም፤ ወርዶ ሊያይ አይችልም። ግን በየሳምንቱ ያንን ሰው እየዋሹ መኖር... አልችልም። ሱቅ ስደርስ ከሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፍሬው አደገ ወይ አለኝ።

ነቀሉት አልኩት። ማን እንደነቀለው ጠየቀ። ክበቡ ነው አልኩ። ጓደኞቿ? አለ። አይደሉም፣ እነሱ ተመርቀው ሄደዋል፣ የአሁኖቹ አያውቋትም አልኩ።

"አንድም የሚያውቃት የለም?"

"የለም አባባ።"

 ደንበኛ ገብቶ ሳሙና ጠየቀ፤ እኔ ሰጠሁት፣ ሄደ። አባቴ እጁን እያየ ነበር። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

"ሳይነቅሉት በፊት... ከዚያ ፍሬ ወፍ ሲቀምስ አይተሃል? አንድ ወፍ ይሁን።"

አየሁ ማለት እችል ነበር። እዚያ ረግረግ ላይ የወፍ ብዛቱ ተቆጥሮ አያልቅም፤ አንዱ ቀምሶ ሊሆን ይችላል። ግን አባቴ የሚጠይቀኝ ያየሁትን ነው። ዓይኔን እያየ ነው የሚጠይቀኝ።

"አላየሁም" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ጆንያውን ተደግፎ ተነሳ፣ ጉልበቱ አሞት ቆም አለ፣ ከዚያ ወደ ሚዛኑ ሄደ።

"እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋትም ሱቅ ትገባለህ" አለኝ።