የአያ ይመር አውራ ጣት

ባለፈው የገበያ ቀን አንዲት ሴት የቅቤ ቅሏን «አደራ፣ ጥላ ላይ ያቆዩልኝ» ብላ ሱቄ ውስጥ አዲስ ከገቡት የሳይክል ጎማዎች አጠገብ አስቀመጠችው። ቆቦ ላይ ጥላ በነጻ የሚሰጥ ነጋዴ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ፀሐዩ ሲበረታ ቅቤውና ላስቲኩ አንድ ላይ ሸተቱ። የአያ ይመር እጅ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

አያ ይመር ጎረቤታችን የነበሩ ወጌሻ ናቸው። በቅቤ እያሹ የተሰበረ ይጠግናሉ፣ የወለቀ ይመልሳሉ። ከመንደር መንደር የሚዞሩት በጥቁር ሳይክል ነው፤ ጎማዋም ሁለት ዓይነት ነበር። ዋልካው መሬት ሲረጥብ ቀጭኑን ያስገባሉ፤ ሰፊው ጭቃ እየተሸከመ ፓራፋንጎው ውስጥ ይወተፋላ። ወንዙ ጎድሎ አሸዋው ሲወጣ ደግሞ ሰፊውን፣ ንፋሱን ቀነስ አድርገው። ከመምረጣቸው በፊት ቁጢጥ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መሬቱን በቀኝ አውራ ጣታቸው ይጫኑታል። የታመመ ክንድም የሚዳስሱት እንደዚያው ነው።

«ይመር፣ መሬትም ይታመማል እንዴ?» ይሏቸዋል እኩዮቻቸው።

«መቼ ደኅና ሆኖ ያውቃል!»

አንድ መስከረም፣ ከጎሊና ወንዝ ማዶ አክስቴ ቤት ሳለሁ፣ ከቁርቁራ ዛፍ ወድቄ ክንዴ ጎበጠ። የአክስቴ ባል አያ ይመር ቤት ሮጦ ሲደርስ፣ እሳቸው ከዋልካው የማሳ መንገድ ገና መመለሳቸው ነበር። ሳይክሏ ላይ ያለው ቀጭኑ ጎማ ነው፤ ሰፊው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«አሸዋው ይውጥዎታል፣ ይቀይሩት እንጂ» ቢላቸው፣ «ልጁ እየጮኸ ጎማ ልፍታ?» አሉ።

ወንዙ መሀል የፊት ጎማው አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። በቀኝ እጃቸው ላይ ወደቁ። በእግር ሲደርሱ አውራ ጣታቸው አብጦ ነበር።

«ኧረ አያ ይመር፣ መጀመሪያ የእርስዎ ይታሽ!» አለች አክስቴ።

«የወጌሻን እጅ ደግሞ ማን ያሻል? ቅቤውን አምጪ።»

ክንዴን በግራ እጃቸው አቃንተው በሸንበቆ ስንጥር አሰሩት።

እኔ ዳንኩ። የእሳቸው አውራ ጣት ግን ደርቆ ቀረ፤ አጥንትም መሬትም መስማት ተወ። ሰውም ወደ ሌላ ወጌሻ ሄደ። ሳይክሏን ግድግዳ አስደግፈው በራፋቸው ላይ ይውሉ ጀመር። ሳልፍ ካዩኝ «እስቲ ዘርጋት» ይሉኛል። እዘረጋለሁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ቀጥ ብላለች።» ደስታቸው ከልብ ነበር፤ የከበደኝም እሱ ነው። ውሎ አድሮ በጓሮ በኩል ዞሬ ማለፍ ለመድኩ። ሰዎች «ልጅ ነበርክ፣ ምን አጠፋህ» ይሉኛል። ነጋዴ ግን ማን አትርፎ ማን እንደከሰረ አይጠፋውም።

ሴትዮዋ ቅቤዋን ሳትወስድ አንድ ወጣት ገባ።

«ጋሼ፣ ለዋጃ መንገድ አሸዋ ቀጭኑ አይበቃኝም? እሱ ይረክሳል።»

«ሰፊውን በቀጭኑ ዋጋ ውሰድ።»

ጎማውን ሳይሆን እኔን አየኝ። «ምነው፣ የተበላሸ ነው እንዴ?»

ሰፊዎቹን የምሰቅለው ከላይ ነው። ላወርድለት ክንዴን ዘረጋሁ። ቀጥ አለች።