ቢሊሴ ያቋረጠችው ዘፈን

ቢሊሴ ተረጋግታ ምሳ ስትበላ ያየ ሰው እጃጂ ከተማ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። የአፋን ኦሮሞ አስተማሪ ናት፤ ከቤት ስትወጣ ዳቦው በአፏ፣ ቁልፉ በእጇ፣ ሐሳቧ ደግሞ ክፍል ውስጥ ነው። ወሬ የጀመረላትን ሰው «እሺ፣ ከዚያስ?» ትለዋለች፤ መልሱን ሳትሰማ መንገድ ትጀምራለች። ቸርች ውስጥ እንኳ የመዝሙሩ የመጨረሻ አዝማች ሳያልቅ ቦርሳዋን ታንጠለጥላለች። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፣ ራሷም አትክደውም።

ግን የማስተማር ነገር ሲነሳ ማን ይደርስባታል! «ግጥም በዓይን አይገባም፣ በጆሮ ነው የሚገባው» ትልና አምቦ ከሚገኝ ሙዚቃ ቤት ያስጫነቻቸውን የድሮ ዘፈኖች በትንሽ ስፒከር ክፍል ውስጥ ትከፍታለች። አንድ ሁለት ስንኝ ታሰማና ጠቅ አድርጋ ታቆመዋለች። «ይሄ ምንድን ነው? ማጋነን ነው ወይስ ሽሙጥ?» ስትል ክፍሉ ይንጫጫል። ለፈተና የሚያጠኑት እንዲሰሙትም ቁራጮቹን ቴሌግራም ላይ ትለጥፋለች።

በሰው ሥራ ኋላ እንዳትጠየቅ ሰግታ የሥነ ዜጋ አስተማሪውን ምትኩን አማክራው ነበር። «ለትምህርት እስከሆነ፣ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ከወሰድሽ፣ የባለቤቱንም ስም ከጠራሽ ሕግ አይነካሽም» አላት። ቢሊሴ ምክሩን ቃል በቃል ያዘች። ማሳጠሩማ ድሮም ተፈጥሮዋ ነው።

ጥቅምት ላይ የለጠፈችው ቁራጭ የኦቦ ነገራ ነበር። ሰውየው አሁን አርጅተው አምቦ ይኖራሉ፤ ዘፈኑን በካሴት ያስቀረጹት በጉብዝናቸው ዘመን ነው። «ኩምሳ ወንድሜ፣ ጎተራህ ሞልቶ፣ እኔን ስታይ በርህን ዘጋህ» ይላል። ለሽሙጥ ምሳሌ ከዚህ የተሻለ ከየት ይመጣል? እዚያው ላይ ቆረጠችው። ከሥሩም «ዘፋኝ፦ ነገራ» ብላ ጻፈች።

ሚያዝያ ላይ የጤና ጣቢያው ነርስ ዱረቲ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት። ሰላምታም የለ።

«አባቴን ያሰደብሽው አንቺ ነሽ?»

ቢሊሴ ልትራመድ ያነሳችውን እግር መለሰች። የዱረቲ አባት ኦቦ ኩምሳ ከሞቱ ቆይተዋል፤ የነገራ ታላቅ ወንድም መሆናቸውን ግን ቢሊሴ አታውቅም ነበር። ቁራጩ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ዱረቲ ጋ ደርሷል። ቅዳሜ ሠርጓ ነው። እናትም አባትም የላትምና በአባቷ ቦታ ቆመው ሊመርቋት የታሰቡት አጎቷ ነገራ ነበሩ።

«የሞተ ወንድሙን ንፉግ ብሎ የሚዘፍን ሰው ሠርጌ ላይ አይቆምም!» አለች ዱረቲ። «ሽማግሌ ልኮ ነበር። አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው የመለስኳቸው። እዚህ ያደረስሽኝ አንቺ ነሽ፣ ባርሲስቱ፣ አስተማሪ ተብዬ!»

ምትኩ ነገሩን ሲሰማ «ሕግ ጥሰሻል? አልጣስሽም። ታዲያ ምን ያቁነጠንጥሻል?» አላት። እውነቱን ነው። ሕጉ ስም ጥሪ አለ፣ ጠራች፤ ሰዎቹ የተጣሉትም በዚያ ስም ነው። ቢሊሴ የፈተና ወረቀት ለማረም ትቀመጥና ትነሳለች፣ ሻይ ታዝዝና ሳትጠጣው ከፍላ ትወጣለች። አምቦ ሄዳ ኦቦ ነገራን ይቅርታ ልትጠይቅ መናኸሪያ ድረስ ሄደች፤ ምን እንደምትላቸው ጠፍቷት ተመለሰች። አፍራ ነበር፤ ከማፈሯም በላይ ፈርታ ነበር። የሰው ሠርግ ነው የምታበላሸው።

ሐሙስ ቁራጩን ከቴሌግራም አጠፋችና ወደ ዱረቲ ቤት ሄደች።

«አጥፍቼዋለሁ። ማሎ፣ እባክሽ ዱረቲ፣ ይቅር በዪኝ።»

«ከሰዉስ ስልክ ላይ አጥፍተሽዋል?»

ዱረቲ ትንሽ አየቻትና «ቆይ፣ አንቺ ካቆምሽበት ቀጥሎ ምንድን ነው የሚለው?» አለቻት።

ቢሊሴ በዚህ ዘፈን ስታስተምር ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከዚያች ስንኝ አልፋ ግን ሰምታው አታውቅም። «አላውቅም» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ፊቷ ጋለ።

ዱረቲ በርጩማ ሳበችላት። ቢሊሴ ስልኳን አውጥታ ሙሉውን ከፈተችው። ያቺ ስንኝ መጣች፣ አለፈች። ከዚያ መሰንቆው ረዘመ። የቢሊሴ አውራ ጣት ሊያሳልፈው ሲነሳ ዱረቲ እጇን ያዘቻት። የነገራ ድምፅ ዝቅ ብሎ ተመለሰ፦

«ማታ በአጥር ሾልኬ ጎተራህን አየሁት፣ አይጥ እንኳ የማያድርበት ባዶ።
ባዶነቱን እንዳላይብህ ነው ለካ በርህን የዘጋህ።
ኩምሳ ወንድሜ፣ ይቺ ምላሴ ትቆረጥ።»

ዱረቲ አለቀሰች። አባቷ ያን ያህል ተቸግረው እንደነበር የነገራት ሰው የለም። ኋላ ዱረቲ ፊቷን ጠረገችና ስልክ ደወለች።

«አጎቴ፣ እኔ ነኝ። ዘፈኑን አሁን ገና ጨርሼ ሰማሁት። ቅዳሜ ይምጡልኝ፣ እርስዎ ነዎት የሚመርቁኝ።» ከወዲያ በኩል «እመጣለሁ» የሚል ተሰማ። «ማን አሰማሽ?»

«አስተማሪዋ። እዚሁ አለች።»

«እስኪ አቅርቢልኝ።»

ቢሊሴ ስድቧን ልትቀበል ብድግ አለች። «ኦቦ ነገራ፣ ሁለተኛ ዘፈንዎን አልነካም።»

«ኧረ ንኪው! ልጆቹን አስተምሪበት፣ ትንሿም ከበቃች ትብቃ» አሉ ሽማግሌው። «ግን ልጄ፣ ወንድሜን የሰደብኩበት ቦታ ላይ ነው ጥለሽኝ የሄድሽው። ከጥቅምት ጀምሮ እዚያው ቆሜ ነው ያለሁት።»