ዣንጥላው የተመረጠ ዕለት

ቄሱ ከጥጥ መጋዘኑ ጥላ ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ወንበር ቢያቀርቡላቸው እንቢ ብለዋል። ምርጫ አስፈጻሚው ከጠረጴዛው ኋላ ነው፤ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ በላብ ተጣብቋል። ጥጥ ለቃሚዎቹ ሴቶች ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። የሻይ ቤቷ ባለቤት ሬዲዮኗን ከፍ አድርጋ በሯ ላይ ቆማለች። ዲያቆኑ ከሰልፉ ፊት ሆኖ ማንበብ ለማይችሉት ያስረዳል። እኔ ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ሥር ነበርኩ፤ ዲያቆኑ በደንብ የሚታየኝ ከዚያ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ ዛሬ ጠዋት እዚህ ሰመራ፣ በወንድሜ ልጅ ቤት መስኮት ሥር ያለፈ የቅስቀሳ መኪና ነው። ዘፈኑ መስታወቱን ያንቀጠቅጠው ነበር። በንጉሡ ጊዜ፣ ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ በታች ባለው የጥጥ እርሻ፣ ምርጫ እንዲህ አይጮኽም ነበር። ተወዳዳሪዎቹን በመልክ የሚያውቃቸው ሰው አልነበረም። የሚታወቀው በድምፅ መስጫ ሳጥኖቹ ላይ የተለጠፈው ምልክታቸው ብቻ ነው፤ የአንዱ ሚዛን፣ የሌላው ዣንጥላ።

ዲያቆኑ ሚዛኑን ሲያሳይ ሴቶቹ ሳቁ።

«እሱንማ እናውቀዋለን! የለቀምነውን ጥጥ የሚበላው እሱ አይደል?»

ዣንጥላውን ሲያዩ ግን አማተቡ። በመጡበት በደጋው አገራቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ መንገድ ዳር ዣንጥላ ይዘቀዘቃል፤ አላፊ አግዳሚው ሳንቲም ይጥልበታል። የመጀመሪያዋ ሴት ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሳጥኑን ተሳለመች፣ ከወረቀቱ ጋር ከመቀነቷ የፈታችውን ሳንቲም ጨመረች። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሳጥኑ ይንቃጨል ጀመር።

«እማማ፣ ይህ እኮ ሙዳየ ምጽዋት አይደለም!» አለ አስፈጻሚው።

«ታዲያ ዣንጥላው የማን ነው?» አለችው።

ዲያቆኑ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ እኔ ዞረ። በትምህርት ቤቱ አብረን እናስተምር ነበር። ጠዋት ዳዊት ይደግማል፣ ከሰዓት በኋላ ከሬዲዮ የሰማውን ዘፈን ያንጎራጉራል። «ዳዊትስ በበገና አልዘመረም?» ይለኝ ነበር። የሻይ ቤቷ ባለቤት፣ «ዲያቆን፣ ይቺን ዜማ ቅዳሴ ላይ እንዳታመጣት!» እያለች ትቀልድበት ነበር። እኔ ብዙ አልናገርም። ግን ከሰዓት በኋላ እስኪደርስ እጠብቃለሁ።

«አባ፣ የመረጡት እኮ ፓርላማ የሚገባ ሰውዬ ነው» አላቸው ዲያቆኑ ቄሱን።

«እነሱ የመረጡት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰውዬው በመሐል አለፈ እንጂ።»

ይህን ጊዜ ሳጥኑን መጀመሪያ የተሳለመችው ሴት እግራቸው ሥር ወደቀች። በዚያው ክረምት ልጇን ንዳድ ገድሎባታል። ቄሱ ከአዋሽ በወር አንድ ጊዜ ነበር የሚመጡት።

«ያለ ፍትሐት ነው የቀበርኩት፣ አባ። እንደ ውሻ። እዚሁ የሚኖር ቄስ ይስጡን።»

አነሷት። ከዚያ በመቋሚያቸው ዲያቆኑን አመለከቱ። «እኔ ሸምግያለሁ። ይህ ልጅ ይቀስስላችሁ።»

«መጀመሪያ ሚስት ያግባ እንጂ!» አለች ባለ ሻይ ቤቷ። «ሩቅም አይሂድ። ያቻትላችሁ፣ ከግድግዳው ሥር!»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እልል አሉ። እሱ አንገቱን ደፋ፣ ግን ፈገግ ብሎ ነበር። እኔ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

በእኛ ሥርዓት ዲያቆን ሳያገባ አይቀስስም፤ ሚስቱም ከእሱ በፊት ባል ያላወቀች መሆን አለባት። እኔ በልጅነቴ ተድሬ ሁለት ዓመት በባል ቤት ኖሬያለሁ። ከዚያ ጠፍቼ አክስቴ ጋር ገባሁ፤ እሷ ናት ያስተማረችኝ። በእርሻው ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ዲያቆኑ በዚያው ቀን ገና ፀሐይ ሳትገባ መጣ። አውሮፕላን ጥጡ ላይ የረጨው መድኃኒት ይሸት ነበር፤ ብርሃኑ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ቀይ ሆኖ ነበር። ነገርኩት። ከልጆቹ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ አለው።

«እዚህ ማን ያውቃል?» አለ።

«አንተ ታውቃለህ።»

«እንግዲያው ክህነቱ ይቅርብኝ። መምህር ሆኜ እኖራለሁ።»

ጥቁር ሰሌዳውን መጥረግ ጀመርኩ። ከውጭ ሴቶቹ ድንጋይ ሲጥሉ ይሰማ ነበር። ከሥራ መልስ ለቤተ ክርስቲያኑ መሠረት ከወንዙ ዳር ተሸክመው ማምጣት ጀምረው ነበር፣ በዚያው ቀን።

ያንን ሕግ በእርጅናዬ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ ለማሰብ የሚበቃ ጸጥታ ሞልቶኛል። ጌታ ሳምራዊቷን ሴት፣ የባሎቿን ነገር እያወቀ፣ ውኃ ለምኗታል። የሕጉ ነገር ግን የእኔና የጌታ ብቻ አልነበረም። እሱ ዋሽቶ መቅደስ ቢገባ ቅዳሴው ጉሮሮው ላይ ይቀርበታል። ክህነቱን ቢተው ደግሞ እነዚያ ሴቶች ልጆቻቸውን አሁንም ያለ ፍትሐት ይቀብራሉ። እኔ እዚያ እስካለሁ ድረስ ሌላ እንደማያገባ አውቅ ነበር። እንዲያ ዓይነት ሰው ነበር።

ለቄሱ ምክንያቱን አልነገርኳቸውም፤ አክስቴ ታማለችና ልሄድ ነው አልኩ። አዩኝ፣ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ፣ አልጠየቁም።

ጥጥ የሚጭነው መኪና ጠዋት ወደ አዋሽ ጣቢያ ይወጣ ነበር። የልብሴን ሳጥን ሹፌሩ አነሳልኝ። ከትምህርት ቤቱ የልጆቹ ድምፅ ይሰማል፤ ዲያቆኑ የእሱንና የእኔን ክፍል በአንድ ላይ እያስተማረ ነበር። በሩ ላይ ወጣ። ጠመኔው ከእጁ ላይ ነበር። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ፣ እኔም መኪናው ላይ ወጥቼ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ።